የሚናከሰውን ልጅ አናባርረው

ወገኖች ሆይ፣ እናቶች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለጨዋታ ሲሰበሰቡ አንዱ ልጅ ሌላውን ቢነክስ ምን እናደርጋለን? ብዙ ጊዜ ቁጣ፣ ቁንጥጫ፣ አለዚያም «ልጅሽን ያዢ!» ይከተላል። በሚቀጥለው ሳምንት እናቲቱ ትቀራለች።

የሁለት ዓመት ልጅ የሚናከሰው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ «የኔ ነው»፣ «ደከመኝ» የሚልበት ቃል ገና ስላልመጣለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የተነከሰውን እናባብል። ቀጥሎም ወደ ነከሰው ልጅ ዝቅ ብለን፣ ዓይኑን እያየን፣ በአጭሩ «መንከስ ያማል፤ ‹ስጠኝ› በል» እንበለው። የሚሻሙበትን መጫወቻ ሁለት እናድርገው። የሚርበውንና እንቅልፍ የሚመጣበትን ሰዓት እናስተውል። ከደጋገመ አንድ ሰው ከአጠገቡ አይለይ።

«ታዲያ ተግሣጽ የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። ተግሣጽ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ማስተማር እንጂ ማዋረድ አይደለም። ጳውሎስም በኤፌሶን 6 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያሳስባል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን እንኳ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ይጠብቃል። የጌታ ቤት ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባም።

በማርቆስ 10 ሕፃናትን ያመጡትን ሰዎች የገሠጹት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ጌታ የተቆጣው ግን በሕፃናቱ ሳይሆን በደቀ መዛሙርቱ ነው፤ ልጆቹንማ አቀፋቸው። ከመካከላቸው የሚያለቅስ፣ የሚራገጥ አልነበረም ትላላችሁ?

እንግዲህ ለቀረችው እናት ዛሬ እንደውልላት። «ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ አብረን እንይዘዋለን» እንበላት። ጌታ ይርዳን።