ቁልፍ አያስተምርም

እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከመካከላችን አንዱ በብሬድቦርድ ላይ የሰካውን ትንሽ ሞተር ከቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር የፓራለል ፖርት ጋር በቀጥታ አገናኘው። ሞተሩ አልዞረም፤ ፖርቱ ግን ተቃጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ከኮምፒዩተር ጋር ምንም ነገር ማገናኘት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በበሩ ላይ ተለጥፏል።

ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አንክድም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብትሉን ልክ ናችሁ። ነገር ግን የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ በሩ ከተዘጋ የት እንማር? ያ ወረቀት ፖርቱ ለምን እንደ ተቃጠለ ለማን አስረዳ?

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የፓራለል ፖርት 25 ቀዳዳዎች አሉት። ከ2ኛው እስከ 9ኛው ያሉት መረጃ የሚያወጡ ናቸው፤ ከ18ኛው እስከ 25ኛው ያሉት ደግሞ የግራውንድ ናቸው። እያንዳንዱ የመረጃ መስመር እስከ 5 ቮልት ቢያወጣም፣ ሊሰጥ የሚችለው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ይህ 470 ኦም ሬዚስተር ላላት አንዲት ኤል ኢ ዲ ይበቃል፤ ለሞተር ግን ከቶ አይበቃም። ከዚህም በላይ የሞተር ጥቅል ሽቦ ኃይሉ ሲቋረጥበት ከፍ ያለ ቮልት ወደ ኋላ ይመልሳል። ለሞተሩ የብቻው ባትሪ፣ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ዳዮድ ተደርጎለት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባልደረሰ ነበር። ይበልጥ ለሚጠነቀቅ ደግሞ ኦፕቶካፕለር አለ፤ በውስጡ ምልክቱ በብርሃን ስለሚሻገር ኮምፒዩተሩና ሰርኪዩቱ በሽቦ አይገናኙም።

አንዳንዶች «ዩ ኤስ ቢ እያለ አሮጌው ፖርት ምን ያደርግላችኋል?» ይሉናል። እውነት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣው ዩ ኤስ ቢ የቀድሞዎቹን ፖርቶች ቦታ ወስዷል፤ በ2005 የተጀመረው አርዱይኖም ሥራውን አቅልሎታል። ለሥራ እነዚህ ይሻላሉ። ለጀማሪ ተማሪ ግን አሮጌው ፖርት ምንም አይሸሽግም። በፕሮግራም 1 ስንጽፍ አምፖሏ ትበራለች፤ 0 ስንጽፍ ትጠፋለች። ስምንት አምፖሎች ደርድረን 255 ብንጽፍ ሁሉም ባንድነት ይበራሉ። በሰሌዳ ላይ የተማርነውን የሁለትዮሽ ቁጥር በዓይናችን የምናየው ያን ጊዜ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በዕቃ ቤት አቧራ ከለበሱት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አንዱ ለሙከራ ይሰጠን። ሁለተኛ፣ ማንም ተማሪ የሰርኪዩቱን ሥዕል ለመምህር ሳያሳይና በመልቲሜትር ሳይለካ አያገናኝ። ሦስተኛ፣ ለሚበላሸው ዕቃ እኛ ተማሪዎች እናዋጣ።

ይህ ቢፈቀድ አልፎ አልፎ አንድ ትራንዚስተር ይቃጠል ይሆናል። ሳይነካ በሚመረቅ ተማሪ የሚደርሰው ኪሣራ ግን ከዚያ ይበልጣል። ነገ ፋብሪካ ገብቶ ከእውነተኛ ማሽን ፊት ሲቆም፣ የመጀመሪያ ስሕተቱን የሚሠራው እዚያ ነውና።