ቦሮቡዱርን ያዳነው ማን ነው?

ስለ እስያ ጥንታዊ የቡድሃ እምነት ሐውልቶች በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል እንደ ዳዊት ይደገማል፤ ይኸውም «አውሮፓውያን ካሜራቸውን ተሸክመው ባይደርሱላቸው ኖሮ እነዚህ ቅርሶች ተረስተው ይቀሩ ነበር» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አውሮፓውያን ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ። የእኛም ጸሐፊዎች ሳያላምጡ ሲውጡት ማየት ግን ያሳዝናል።

የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን የነበረው ሊኒየስ ትራይፕ እ.ኤ.አ. በ1855 ካሜራውን ይዞ ወደ በርማ የዘለቀው ብቻውን አልነበረም። እንግሊዝ ከሦስት ዓመት በፊት የአገሪቱን ደቡብ በጦር ነጥቃ ነበርና፣ ንጉሥ ሚንዶን ነጠቃውን በፊርማው እንዲያጸድቅ ለማግባባት ከተላከው ልዑክ ጋር ነው የሄደው። የፓጋንን ቤተ መቅደሶች በወረቀት ኔጌቲቭ አነሣ። ሥራው ውብ ነው፤ ውበቱን አልክድም። ዳሩ ግን በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ መነኩሴም ምእመንም አይታይም። በዚያን ዘመን ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ እስኪቀረጽ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ የሚንቀሳቀስ ሰው አይወጣም ይሉናል። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ትራይፕ ባዶ የወጣውን ሰማይ በኔጌቲቩ ላይ ቀለም እየቀባ ደመና ሠርቶለታል። ደመናው ሲጨመር ሰው እንደ ጎደለ ቀረ።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን በጃቫ ደሴት የሚገኘው የቦሮቡዱር ታሪክ ነው። በሆላንድ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የተቀጠረው ጀርመናዊው አዶልፍ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1845 ሐውልቱን በ58 የዳጌሮታይፕ ሰሌዳዎች አነሣ፤ ስሙም በየመጽሐፉ ይወሳል። እ.ኤ.አ. በ1885 ኢይዘርማን የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ ከግርጌው የድንጋይ ግድግዳ በስተጀርባ የተሸፈኑ ቅርጻ ቅርጾች መኖራቸውን ደረሰበት። ቁጥራቸው 160 ነው። የሚናገሩት ስለ ሰው ሥራና ስለ ዋጋው ነው፤ ዓሣና ኤሊ የቀቀለው ሰው በሲኦል ራሱ ሲቀቀል ይታያል። ድንጋዩ እየተነሣ እነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ከዚያም ግርጌው ተመልሶ ተሸፈነ። ከደቡብ ምሥራቁ ማእዘን ጥቂት ቅርጾች በስተቀር ዛሬም እንደ ተሸፈነ ነው። እንግዲህ ሙሉውን ሊያይ የሚሻ ሰው ያለው አማራጭ እነዚያን ፎቶግራፎች መመልከት ነው።

ያነሣቸውስ ማን ነው? አውሮፓዊ አይደለም! የዮግያካርታው ሱልጣን ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ፣ ጃቫዊው ካሲያን ሴፋስ ነው።

«አዳኙ» መንግሥት በበኩሉ ምን አደረገ? የሲያም ንጉሥ ቹላሎንግኮርን እ.ኤ.አ. በ1896 ጃቫን በጎበኘ ጊዜ ከቦሮቡዱር ስምንት ጋሪ ሙሉ ቅርጻ ቅርጽ አስጭኖ ሰጠው። የቡድሃ ምስሎችም አንበሶችም ነበሩበት፤ ከፊሉ ዛሬ በባንኮክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ያልጠረበውን ድንጋይ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚሰጥ እጅ የአዳኝ እጅ ነው የሚለኝ ካለ ማስረጃውን ያቅርብና እንከራከር።

ስለ ቀደምት ፎቶግራፍ የሚጽፉ ወገኖቻችን ትራይፕንና ሼፈርን በሙሉ ስማቸው ከጠሩ በኋላ ሴፋስን «አንድ የአገሬው ተወላጅ» ብለው እንዳያልፉት እጠይቃለሁ። ስሙ ለአፋቸው የሚከብድ ከሆነም ባዕድ አይደለም፤ ጃቫዊው በክርስትና ያገኘው ይህ ስም የእኛው ኬፋ ነው።