የጣና ዳር ገበሬ፥ የባለሙያው ምክርና የነጋዴው ሚዛን



ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዳርቻው ተፈጥሮ መጻፍ የሊቃውንትና የሹማምንት ሥራ እንጂ የነጋዴ ጸሐፊ ተግባር አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት መዝገብ ስይዝ፥ የገባውንና የወጣውን ስጽፍ፥ ቀስ በቀስ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ገበሬው ዛፉን ለማቆየት ወይም ለመቍረጥ፥ ዓሣ አጥማጁም መረቡን ለመጣል ወይም ለመሰብሰብ ቍርጥ ሐሳብ የሚያደርገው ባለሙያው በመከረው ቀን ሳይሆን ነጋዴው በመዘነለት ቀን መሆኑን ነው። ስለዚህ ጕዳዩ የእኛም ነው ብዬ ይህችን አጭር አስተያየት ለጋዜጣችን አቀርባለሁ።

ሩቅ ሳንሄድ ከዘጌ እንጀምር። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጕዞ የሚደረስበት ይህ ባሕረ ገብ ምድር ስለ ጥንታውያን ገዳማቱ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። እርሻው ግን ከገዳማቱ ያላነሰ ሊደነቅ የሚገባው ነው። በአገሩ ሥርዓት መሠረት በዘጌ በበሬ አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። የአካባቢው ሰዎች ይህን ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ የወረደ ነው ይላሉ። ቡናው የሚበቅለው በተመነጠረ ሜዳ ላይ ሳይሆን በዋንዛ፥ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር ነው፤ ከእርሱም ጋር ጌሾና ሎሚ ይገኛል። የወደቀው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ ሥሩ አፈሩ ታጥቦ ሐይቅ እንዳይገባ ይይዛል፤ አበባው ለንብ ቀለብ ይሆናል። ብርብራም እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ የጥራጥሬ ወገን ስለ ሆነ የበቀለበትን መሬት ያለማል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «ጥምር የደን እርሻ» እየተባለ የሚሰጠውን ትምህርት የዘጌ ሰው መጽሐፍ ሳያነብ በሥራ ሲፈጽመው ኖሯል። ስለዚህ ወደ ዘጌ የሚሄድ ባለሙያ የሚያስተምር ብቻ ሳይሆን የሚማርም ጭምር ነው።

የሆነ ሆኖ ይህ መልካም ሥርዓት በጸሎትና በልማድ ብቻ ጸንቶ ሊኖር አይችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ቡና ለመግዛት ከአሠሪዬ ጋር ወደ ዘጌ በሄድሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቡናቸውን አስጥተው አገኘኋቸው። ቀዩ፥ አረንጓዴውና የጠቈረው ፍሬ ተደባልቆ መሬት ላይ ተበትኗል። እኔም «አባቴ፥ የእርሻ ባለሙያው ቀዩን ብቻ ልቀሙ፥ ከመሬትም አንሥታችሁ በአልጋ ላይ አስጡ ብሎ አልመከራችሁምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መክሮናል ልጄ፤ ምክሩም ደግ ነው። ነገር ግን ቀዩን ለይቼ ብለቅመውም ያው ዋጋ ነው፤ ሳልለይ ባወርደውም ያው ዋጋ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለስሁ የምለቅምበትን ጉልበት ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ። ቀጥለውም ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ትልቅ ዋንዛ እያመለከቱ፥ «ቡናው ለዓመት ካላደረሰኝ የምሸጠው ይኸን ነው» አሉ። አሠሪዬም እኔም የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ያንኑ ዋጋ ከፍለን፥ ያንኑ ቅይጥ ቡና ጭነን ተመለስን።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ባለሙያው መንገድ ተጕዞ መጥቷል፤ ገበሬውም ሰምቷል፤ ሁለቱም ሥራቸውን አላጐደሉም። የጐደለው የእኛ ሥራ ነበር። ለቀዩ ፍሬ ልዩ ዋጋ ብንከፍል ኖሮ ምክሩ በገንዘብ ይረጋገጥ ነበር። ዋንዛው ተቈርጦ ጣውላና ማገዶ ሲሆን ገዢው የከተማ ሰው ነው፤ ጥላውን ያጣው ቡና ምርቱ ቢከፋ ደግሞ ጥራቱ ወረደ ብለን ዋጋ የምንቀንስ እኛው ነን። እንግዲህ ዛፉን የቈረጠው የገበሬው መጥረቢያ ብቻ ነውን?

ወደ ውጭ አገር ቡና የሚልኩ ወገኖቻችን ይህን ነገር እንደ ዘጌ ሰዎች ጕዳይ ብቻ እንዳይቈጥሩት አሳስባለሁ። የዘጌ ቡና አብዛኛው በአገር ውስጥ ገበያ የሚሸጥ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ባወጣው ሕግ፥ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተለቀመ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል፤ ሻጩም ቡናው የበቀለበትን መሬት ለይቶ እንዲያስረዳ ያዛል። የሕጉ መፈጸሚያ ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም የገበያው አዝማሚያ ወዴት እንደ ሆነ ለነጋዴ የተሰወረ አይደለም። ቡናን ከጥላው ጋር ያቆየ አገር ለእንዲህ ያለው ገበያ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ የቀረው ነጋዴው የየት ቡና ከየት እንደ መጣ ሳይደባልቅ መመዝገቡ ነው።

ገበሬና ባለሙያ በአንድነት ሲሠሩ ምን ያህል ፍሬ እንደሚገኝ ለማየት ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ጎንደር መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር በእርሻና በግጦሽ መካከል እንደ ደሴት ተለይተው የቀሩ 1000 ያህል የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላውና ስለሚረግጠው ያረጀውን ዛፍ የሚተካ አልነበረም። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከገበሬዎቹ ጋር ከመከሩ በኋላ፥ አንዳንዶቹ ደኖች በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሆነ። ድንጋዩም ከሌላ ስፍራ አልመጣም፤ ከገበሬው እርሻ ላይ ተለቅሞ ነው የተካበው። ስለዚህ በአንድ ድካም ሁለት ጥቅም ተገኘ፤ ማሳው ከድንጋይ ጠራ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ችግኞቹም ከካቡ ውስጥ እንደ ገና በቀሉ። ከደኑ የሚወጡት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት በዙሪያው ያለውን አዝመራ እያዳቀሉ ውለታውን ለገበሬው ይመልሳሉ። የተፈጥሮ ጥበቃ የገበሬውን መሬት የሚቀማ ሳይሆን መሬቱን የሚያቀናለት ሲሆን ገበሬው ራሱ ግንበኛ እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ሐይቁ ልመለስ፤ በዚህ ረገድ የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ጋር ነው።

ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ከዓባይ የታችኛው ክፍል በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለይቶ የሚኖር ሐይቅ ስለ ሆነ፥ ከሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ተፈጥረውበታል። ከእነዚህ ከ7 የማያንሱት ክረምት ሲገባ እንቍላላቸውን ለመጣል ጕማራን፥ ርብንና መገጭን ወደ መሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው በሚጠባበቁበት ጊዜ መረብ የጣለባቸው ሰው ያለ ብዙ ድካም ጀልባውን ይሞላል። በ1978 ዓ.ም. በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ለገበያ ዓሣ ማጥመድ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዘመን ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች በ75 ከመቶ መቀነሳቸውን ሊቃውንት በጥናት አረጋግጠዋል። የባሰውም በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ ታላቁንም ታናሹንም ሳይለይ ያደነዝዛል። በዘጌ ለቡናው ጥላና ለንቡ አበባ የሆነው ያው ዛፍ እዚህ መርዝ ሲሆን ማየት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም።

አሠሪዬ ከቡናው ጋር በዓሣም ይነግድ ነበር። በነሐሴ ወር ከወንዝ አፍ የመጣ ዓሣ በርካሽ ይቀርብልናል፤ እኔም ኪሎውንና ዋጋውን እየጻፍሁ በትርፉ እደሰት ነበር። ዓሣውን የሚያርዱት ሴቶች እጃቸው እስከ ክንድ ድረስ በእንቍላል ይለወስ እንደ ነበር በዐይኔ አይቻለሁ። አንዲቱም «እንዴ ጋሼ፥ ይኸ ሁሉ እኮ ለከርሞ የታሰበ ነው» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄ አልፌአለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ የዓሣ ባለሙያ ወደ ቤታችን መጥቶ የቀድሞ መዛግብታችንን እንድናሳየው ለመነ። አሠሪዬ ፈቀደለትና የየዓመቱን ነሐሴ ጐን ለጐን ዘርግተን አየን። የነጭ ዓሣው መስመር ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ሲሄድ የተጻፈው በገዛ እጄ ነበር። በየቀኑ ስጽፈው ያላስተዋልሁትን ባለሙያው በአንድ ከሰዓት በኋላ አሳየኝ።

የእህል ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው በሰኔ ወር የዘር እህሉን ለገበያ ያወጣ ገበሬ ችግር የያዘው ገበሬ ነው፤ ያን ዘር በርካሽ ያጋበሰም ነጋዴ በመኸር ባዶ ጐተራ ይጠብቀዋል። እኛ በነሐሴ የገዛነው ዓሣ የሐይቁ ዘር ነበር።

ነገሩ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል የፊሊፒንስ አገር ያስተምረናል። በዚያ የሚገኘው የላናኦ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ የራሱ ብቻ የሆኑ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦች ስለ በሏቸው፥ ያለ ልክም ስለ ተጠመዱ፥ 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ተገለጸ። የጠፋ ዓሣ በገንዘብ ከውጭ አገር አይመጣም፤ የማስመጫም ፈቃድ የለውም።

«እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚለው መልስ ከወዲሁ ይሰማኛል። ይህ ከንቱ ሰበብ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ ያለበት ነጋዴ ብቻውን ቢታቀብ ጐረቤቱ እንደሚቀድመው አውቃለሁ። ሕግ አለ ቢባልም፥ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በየወንዙ አፍ ላይ ግን ጠባቂ ማቆም ቀላል አይደለም። የንግድ ምክር ቤት የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው የሚከስርበትን ነገር ሁላችን ብናደርገው ማንም አይከስርበትም።

ስለዚህ ለክቡራን የምክር ቤቱ አባሎች የሚከተሉትን ሐሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የዘጌን ቡና የምንገዛ ሁሉ ቀዩን ከቅይጡ ለይተን እንድንመዝን፥ ለቀዩም የታወቀ ጭማሪ እንድንከፍል፥ ጆንያውንም ከሌላ አገር ቡና ሳንደባልቅ እንድናስቀምጥ።

ሁለተኛ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከወንዝ አፍና ከወንዝ ውስጥ የተጠመደ ነጭ ዓሣ ላለመግዛት በአንድነት እንድንስማማ። አጥማጆቹ በዚህ ወራት እንዳይቸገሩ ቀረሶና አምባዛ ከሐይቁ መካከል ሲያመጡ በተሻለ ዋጋ እንድንቀበላቸው።

ሦስተኛ፤ ዕቃ አስመጪዎቻችን ከቀጭን የፕላስቲክ ክር የተሠራውንና ዐይኑ የጠበበውን መረብ ከማስመጣትና ከመሸጥ እንዲታቀቡ። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ያላደገውን ዓሣ ሁሉ ጠርጎ ስለሚያወጣ ራሱን መረብ ገዢውን ደንበኛ ያጠፋል።

አራተኛ፤ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ገበሬዎች፥ አጥማጆች፥ የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከልና የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ፥ መዛግብታችንንም እንድንከፍትላቸው። ባለሙያው ሐይቁን የሚለካው ገንዘብና ጊዜ ባገኘ ቍጥር ነው፤ እኛ ግን በየቀኑ እንጽፋለን። ይህ ጽሑፍ በመሳቢያ ተቈልፎ ከሚበላሽ ለአገር ዕውቀት ቢውል ከእኛ ምን ይጐድላል?

የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የዚህም ትርጕም ሰው ከዚያ ይውጣ ማለት ሳይሆን፥ ሰው እየሠራና እየነገደ ተፈጥሮውም ይኑር ማለት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ከየእርሻው ታጥቦ በሚገባው ለም አፈር እየፋፋ፥ የጀልባ መንገድ እየዘጋና መረብ እያበላሸ ምን ያህል እንዳስቸገረን አይተናል። በወንዙ ዳር ያለ ገበሬ አፈሩን ሲይዝ፥ በሐይቁ ዳር ያለው ሰው ደንገሉን ሲጠብቅ፥ የእኛንም ወደብ እየጠበቀልን ነው።

በበኩሌ አሠሪዬን ለምኜ፥ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በመዝገባችን ላይ አንድ አዲስ ዐምድ ጨምሬአለሁ፤ «ከየት ተጠመደ» የሚል ነው። አቅራቢዎቹ በመጀመሪያ ተገረሙ፤ አንዳንዱም ተቈጥቶ ዓሣውን ይዞ ሄደ። የቀሩት ግን ዛሬ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ከዚያ ዐምድ አጠገብ የሌሎችም ነጋዴዎች ዐምድ ቢቆም፥ የዘጌው ሽማግሌ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ይዤ ልመለስ እችላለሁ።