ሥራው ነው እኛን የናቀን

በቅርቡ ክፍል ውስጥ ስለ ሥራ አጥነት ስንከራከር አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «የኛ አገር ወጣት ችግሩ ሥራ መናቁ ነው» አለና ቁጭ አለ። ግማሹ ክፍል አጨበጨበለት። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን መልሱ ረጅም ስለሆነብኝ ነው። እነሆ ዛሬ በዚህች መጽሔታችን ልመልስለት።

እኔ የኮኪት ልጅ ነኝ። ኮኪትን ለማታውቋት፣ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ገንዳ ውሃን አልፋችሁ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። ሐምሌ ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲያልቅ ደግሞ ለአጨዳ ሰው ከደጋ በመኪና እየተጫነ ይጎርፍልናል። ከበለሳ በሉት ከጎጃም፣ ተማሪው፣ ገበሬው፣ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር ይመጣል። ሥራ ናቀ የተባለው ወጣት እንግዲህ ይኸው ነው!

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ስለሚረግፍ በጥቂት ቀን ውስጥ በእጅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አይፈልግህም።

እኔም አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ለደብተርና ለጫማ ብዬ አንድ ክረምት አርሜያለሁ። አብሮኝ የሚያርም የበለሳ ልጅ ነበር። የምንተኛው ላስቲክ ወጥረን፣ ያለ አጎበር ነው። የምንጠጣው ዝናብ ያቆረው ኩሬ ነው። ሒሳብ ስንጠይቅ ባለ እርሻው የምግቡን ቀነሰና የቀረውን «ሰሊጡ ሲሸጥ» አለን። ውል የለ፣ ፊርማ የለ፣ ምን ይዘህ ትከሳለህ? ልጁ ለአጨዳ ቆየ። ከወራት በኋላ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ብለን ለኪኒን አዋጣን። ሆዱ እያበጠ ሰውነቱ እየመነመነ ሲሄድ ጎንደር ወሰዱት፤ ካላዛር ነበር። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን ካልታከሙት ይገድላል። በተለይም ቆላውን ያልለመደውን የደጋ ሰው ይጎዳል። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተረፈ። ዳግመኛ ግን ቆላ አልወረደም። ታዲያ ይህን ልጅ ሥራ ናቀ እንበለው? እንደኔ እንደኔ፣ ሥራው ነው እሱን የናቀው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። እኛ በነበርንበት ማሳ ግን ሰዓት ቆጣሪዋ ፀሐይ ነበረች። የተጻፈ ውል፣ ንጹሕ ውሃ፣ አጎበርና በወቅቱ የሚከፈል ሒሳብ የቅንጦት ጥያቄ አይደሉም። የመጀመሪያው ጉዳዬ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳዬ ከአጨዳ በኋላ ያለው ነው። ሰሊጣችን ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል ሲባል ሰምተን አድገናል። የሚሄደው ግን አብዛኛው በጥሬው ነው፤ ሳይላጥ፣ ሳይቆላ፣ ሳይጨመቅ። እስራኤል ውስጥ ጣሂና የሚሠሩ ፋብሪካዎች «ከኢትዮጵያ ሰሊጥ የተሠራ» ብለው ይኮሩበታል። እኛ ደግሞ ለወጣችን የሚሆን የፓልም ዘይት ከውጭ እንገዛለን። ጆንያው መኪና ላይ ሲጫን ሥራችንም አብሮ ይጫናል ማለት ነው። ከታኅሣሥ በኋላ የኮኪት ወጣት ጥላ ሥር ቁጭ ይላል፣ ወይም ገላባትን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ያያል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ስደተኛው በተራው በመተማ በኩል ወደ እኛ መጣ። ያኛውም በር ጠበበ።

«እርሻው ዘመናዊ ይሁን» የሚሉ አሉ። ይሁን! ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ቴክሳስ ውስጥ ቶሎ የማይረግፍ የሰሊጥ ዝርያ አውጥተው በኮምባይነር ያጭዳሉ። ያ ማሽን ብቻውን ኮኪት ቢደርስ መጀመሪያ የሚያባርረው የበለሳውን ልጅ ነው። ማሽኑ ይምጣ፣ ግን ብቻውን አይምጣ። ማበጠሪያው፣ መላጫው፣ መጭመቂያው አብሮት ይምጣ። ያን ጊዜ ማጭድ የያዘው እጅ ማሽን ይጠግናል፣ ጥራት ይለያል፣ ያሽጋል፤ ያውም ለአንድ ወር ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ። ከዘይቱ የሚቀረው ፋጉሎም አይጣልም። የቆላው ከብት ይደልብበታል፣ ላሞቹም ይታለቡበታል።

ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ መገንባቱ ጥሩ ነው። ኮኪትና ቡሬ ግን ጎረቤት አይደሉም። እኔ ፓርክ አልጠየቅሁም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሚያንቀሳቅሱት አንድ የሰሊጥ መላጫና መጭመቂያ ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃናል። መብራትና ውሃ ያስፈልገዋል፣ ብድርም ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንገዱ ሰላም ያስፈልገዋል። ሹፌር ፈርቶ በሚያድርበት መንገድ ላይ ፋብሪካ የሚተክል የለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለራሳችን ልበል። ነገ ማይክ እንይዛለን። ዛሬ ስለ ሰሊጥ የምንሰማው ዜና «ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህን ያህል ዶላር» ይልና ያልቃል። እኛ ስንዘግብ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ያጨደው ሰው የት አደረ? ሒሳቡንስ ተቀበለ?

ያ ያጨበጨበው ግማሽ ክፍል፣ መልሴ ይኸው ነው። ቸር ይግጠመን!