ስለ ዘገምተኛው ኮምፒውተርና ስለ ችኩሉ ፍርድ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ያገለገለ ኮምፒውተር ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ባለቤቱን ማስጠበቅ፣ አንድ ሰነድ ሲከፈትበትም «ስታክ» ማድረግ በጀመረ ጊዜ፣ ከሁለት ፍርዶች አንዱ ይፈረድበታል፤ ይኸውም ወይ «አርጅቷል» ተብሎ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት አዲስ እንዲልክ ይለመናል፣ ወይም ወደ ጥገና ቤት ተወስዶ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ሁለቱም ፍርዶች ምርመራ ያልቀደማቸው ስለ ሆኑ ፍትሕ የጎደላቸው ናቸው እላለሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደየት እንደ ወጣ ለሚያውቅ አባወራ፣ በቤቱ ያለው መሣሪያ የሚድን መሆን አለመሆኑን ሳይመረምሩ መጣል ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሮሰሰር የሚባለው የስሌት ክፍል፣ በተሠራበት ቀን በሰከንድ ያከናውነው የነበረውን ሥራ ከዐሥር ዓመት በኋላም፣ ሙቀት ካላስገደደው በቀር፣ ሳያጓድል ያከናውናል። የተለወጠው የሚታዘዘው ሥራ ብዛትና ክብደት ነው። ስዊዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የፕሮግራሞች ክብደት ከመሣሪያዎች ፍጥነት ቀድሞ እንደሚያድግ አመልክቶ፣ ቀለል ያሉ ፕሮግራሞች ይሠሩ ዘንድ ተማጽኖ ነበር፤ ተማጽኖው ግን ሰሚ ባለማግኘቱ፣ ዛሬ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ብቻውን በዚያ ዘመን የነበረ የቤት ኮምፒውተር ጠቅላላ ራም፣ ማለትም ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ማኅደር፣ የማይችለውን ቦታ ይወስዳል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት የተጫነ ሰው ታስክ ማኔጀር የተባለው ሰሌዳ ይገለጥለታል፤ በዚያም ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ) እና ዲስክ በሚሉ አርእስት ሥር የእያንዳንዱ ክፍል ድካም በመቶኛ ተጽፎ ያገኘዋል። ከተከፈተ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሆነው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህን የተመለከተ ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ያያል፦ ፕሮሰሰሩ ከዐሥር በመቶ በታች በሆነ ሥራ ዐርፎ ሳለ፣ የዲስኩ ዓምድ ደምቆ 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ይቆያል፣ በመሣሪያው ጠርዝ ያለችው ትንሽ መብራትም ሳታቋርጥ ትበራለች። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳና በላዩ እየተመላለሰ የሚያነብ ክንድ አለው፤ የተለመደው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ቢዞርም፣ ክንዱ ከስፍራ ወደ ስፍራ ተሻግሮ የተፈለገው መረጃ ከሥሩ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከመቶ የማይበልጡ የተበታተኑ ንባቦችን እንጂ ሌላ አያስችለውም። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺሕ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየስፍራቸው ይጠራል። በዚህ ላይ ራም ያነሰ እንደ ሆነ፣ አትሮንሱ ከአንድ መጽሐፍ በላይ የማይዝለት መምህር ከዳዊቱ ወደ ድጓው፣ ከድጓው ወደ ስንክሳሩ በተሻገረ ቁጥር አንዱን ወደ ዕቃ ቤት መልሶ ሌላውን ለማምጣት እንደሚገደድ፣ ኮምፒውተሩም ራሙ ያልበቃውን ወደ ዲስኩ እየጻፈ፣ በተፈለገ ጊዜ መልሶ እያነበበ ይውላል፤ ዲስኩ አስቀድሞ የደከመ በመሆኑም የአንዱ ጉድለት በሌላው ላይ ይደረባል።

እንግዲህ ቀዳሚው መፍትሔ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከርም የሚመላለስም አካል ስለሌለው፣ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ የማያደርሰውን የተበታተነ ንባብ በዐሥር ሺሖች ያከናውናል። ሁለት ተኩል ኢንች የሚባለው ዓይነት በመጠኑም፣ ሳታ በሚባለው መሰኪያውም ከላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ጋር አንድ ነውና፣ ሥራው የጀርባውን ክዳን ብሎኖች ፈትቶ፣ ባትሪውን ነቅሎ፣ አሮጌውን ከመሰኪያው ወደ ጎን ስቦ ማውጣት፣ የተያዘበትንም ቀጭን ብረት ወደ አዲሱ አዛውሮ መልሶ መግፋት ነው፤ የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ የሚገለብጡ ፕሮግራሞችም ስላሉ፣ ዊንዶውሱም የቤተሰቡ ፋይልም ሳይነካ ሊዛወር ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ የዕለት ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ዴስክቶፑን እንደገና ለማስነሣት የሚገደድ ሰው የዚህን ለውጥ ጥቅም ከማንም በፊት ያውቀዋል።

ሁለተኛው ራም መጨመር ነው። አራት ጊጋባይት ብቻ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10ን ተሸክሞ ሁለት ሦስት የኢንተርኔት ገጽ ሲከፈትበት አቅሙ ያልቃል፤ ስምንት ሲሆን ግን ይተነፍሳል። ነገር ግን ራም ለመግዛት ወደ መርካቶ ወይም ወደ መገናኛ የሚሄድ ሰው፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት ትውልዶች አንዱ በሌላው ቦታ እንደማይገባ፣ በራሙ ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት እንኳ በየትውልዱ ስፍራዋ የተለየ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ አሮጌውን ራም ነቅሎ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ገንዘብ የማይጠይቅም ሥራ አለ። ቴሌግራምን የመሰለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ ከየቻናሉም ፊልምና ፎቶግራፍ ሳይጠየቅ እያወረደ ዲስኩን ይሞላዋል፤ ስታርትአፕ በሚለው የታስክ ማኔጀር ገጽ የማያስፈልገውን ሁሉ ማሰናከል፣ የወረደውንም መለየትና መሰረዝ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሁለት አንቲቫይረስ ባንድነት የጫነ ሰው አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ እያስመረመረ መሆኑን ይወቅ። «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም የሚጭንም በገዛ እጁ ማንነቱን የማያውቀውን እንግዳ ወደ ቤቱ ያስገባል። በበጋው ወራት አቧራ የአየር ማራገቢያውን ሲደፍነው ፕሮሰሰሩ ከሙቀት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ ከፍቶ ማጽዳትም አይዘንጋ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ፣ ምርመራ ሳይደረግ የሚታዘዘው ፎርማት ነው። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ለጥቂት ሳምንታት መፍጠኑን አልክድም፤ የተጫነው ሁሉ ተራግፎለታልና። ሃርድ ዲስኩ ግን ያው ሃርድ ዲስክ፣ ራሙም ያው አራት ጊጋባይት ስለ ሆነ፣ ፕሮግራሞቹ ተመልሰው ሲገቡ መዘግየቱም ተመልሶ ይገባል፤ በመካከሉ የጠፋው ግን አይመለስም። የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፣ የልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ፣ አባት ሳያሳትሙት የቀረ የሕይወት ታሪክ፣ ይህ ሁሉ ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ በተባሉት ማኅደሮች ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በጥቂት ደቂቃ ይደመሰሳል። የተገለበጠውም ቢሆን አንድ ሌላ ፈተና አለበት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 ቦታውን ቢያገኝም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የተጻፈው አማርኛ ፓወር ግዕዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች አማካይነት፣ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የእኛ ፊደል መልክ እየተሳለ የተቀመጠ ነው፤ ፎርማቱ እነዚያን የፊደል ቅርጾች አብሮ ስለሚያጠፋቸው፣ ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ተደርድሮ ይታያል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል፤ ነገር ግን ፊደሉ ተመልሶ ቢጫን ጽሑፉ እንደ ነበረ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ፎርማት ከማድረጉ በፊት የባለቤቱን ሰነድ ሁሉ መገልበጥ፣ በውስጡም የጥንቱ ፊደል መኖር አለመኖሩን መጠየቅ የሙያው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ዊንዶውስ 10ን ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የጥበቃ እድሳት እንደማይሰጠው አስታውቆ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅና እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የወጡትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፣ ኤስኤስዲ ገብቶለት በመልካም የሚሠራ ኮምፒውተር በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ከአገልግሎት ውጭ እንዲባል ተደርጓል፤ ይህን እኔ በደል እለዋለሁ። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም የጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ሲደርስ፣ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ግን ከሩቡ ያነሰ ነው፤ እንዲህ ያለው ውሳኔ በዚያ ክምር ላይ ይጨምራል። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንትን እመክራለሁ፤ ሳይጫን በፊት ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ስለሚቻል የነበረውን ሳይነኩ መመርመር ይፈቅዳል፣ ለኢንተርኔትና ለደብዳቤ ሥራም ይበቃል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ብዙ መዝገብ ያለው ሰው ግን ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ሳያስለውጥ ወደዚያ እንዳይሻገር አሳስባለሁ።

እርግጥ ነው፣ ከሁለት ጊጋባይት በላይ ራም የማይቀበል ወይም ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ኮምፒውተር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይገባም። እርሱም ቢሆን ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ስክሪኑ ለሌላው ይተርፋል፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ተበላሹ» ተብለው በአንድ ክፍል ተቆልፎባቸው የሚገኙት ዴስክቶፖች አንድ ዓይነት ስሪት ከሆኑ፣ ከሁለቱ ራም ተወስዶ ለሦስተኛው ቢጨመርለት፣ ለእርሱም ብቻ አንድ ኤስኤስዲ ቢገዛለት፣ ከሠላሳ ዐሥሩ እንደገና ሊያስተምሩ ይችላሉ። ይህን ሥራ የአይሲቲ መምህሩ ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ በክረምቱ ዕረፍት እንዲሠራው፣ ርእሰ መምህሩም የክፍሉን ቁልፍና የእያንዳንዱን መሣሪያ ዝርዝር የያዘውን የንብረት መዝገብ እንዲያስረክበው እጠይቃለሁ።