«ምንም አላመመውም ነበር»



ይጁቤና አካባቢዋ ልቅሶ ደርሳችሁ የምታውቁ ይህን ንግግር ሳትሰሙ አትቀሩም። ገና የመጣ ለቀስተኛ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ ምንም አላመመውም፤ ትናንት ሲያርስ ውሎ ነው የመጣ» ይባላል። አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፤ ሌላው «መጋኛ መትቶት ነው» ይላል።

ዛሬ ስለዚህ ሟች ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፤ አንድ ሰው ብቻ አይደለምና። የብዙ አባወራዎችን ታሪክ በአንድ ሰው ሰብስቤ ነው የምነግራችሁ።

ዕድሜው ሃምሳ አልሞላም። የአራት ልጆች አባት ነው። ክረምቱን ከበሬዎቹ ጋር ማሳ ላይ፣ በጋውን አውድማ ላይ ነው። በገበያ ቀን ጤፉን በአህያ ጭኖ ይጁቤ ይወጣል። ደቦ ሲጠራ ቀድሞ ይደርሳል፤ የዕድር መዋጮ አያሳልፍም። ራሱን ሲያመው በነጠላ ጥፍር አድርጎ አስሮ ይተኛል፤ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ባለቤቱ ባረገዘች ቁጥር ጤና ጣቢያ ወስዶ ክትትል አስደርጓታል። እሷ በገባች ቁጥር የደም ግፊቷ ተለክቷል። እሱ ግን ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። «ና፣ አንተም ክንድህን ስጠን» ያለው የለም። እሱም አልጠየቀም።

አንድ ማለዳ ቀንበር ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። አፉ ጠመመ፤ አንደበቱ ተሳሰረ። ቤት አስገብተው ጭስ አጠኑት፤ ውኃ አጠጡት፤ «ትንሽ ይረፍ» ተባለ። መኪና ተገኝቶ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ቀኑ መሽቷል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ወገኖቼ፣ «ምንም አላመመውም» የሚለው እውነት አይደለም። ለዓመታት ታሞ ነበር፤ ሕመሙ ግን አልተሰማውም። ኃይለኛ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ግድግዳው በየቀኑ ይሸረሸራል። የሚናድ ቀን ግን ሁሉም «ድንገት ተናደ» ይላል። የደም ግፊትም የደም ሥርን እንዲሁ ያደርገዋል። አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ድምፅ ሳያሰማ ይጎዳል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም።

እኔ የምለው ይህን ነው። የጤና ሥራችን እናቶችንና ሕፃናትን ማስቀደሙ ትክክል ነው፤ ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ደጅ የሚጠብቀውን አባት ረስተነዋል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የባለሙያዎችም ነው።

ዕድራችንስ? ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቤተሰቡን ያጽናናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ ሰው በሕይወት እያለ በየወሩ ስብሰባ ላይ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጠርተን አባላቱን ሁሉ ብናስለካስ? ለአንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የአባት ሞት ግን በሬ ያሸጣል፤ የበኩር ልጅን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሞፈር ያስጨብጣል።

ስለዚህ፦

✅ ጎልማሳ የሆነ ሁሉ ባያመውም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይለካ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል።

✅ ጨው ይቀነስ። በቀን ለአንድ ሰው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም። ወጥ ውስጥ ያለውም፣ ቡና ላይ የሚጨመረውም ይቆጠራል። አረቄና ሲጋራም ይቅር።

✅ መድኃኒት የተጀመረለት «ተሽሎኛል» ብሎ አያቁም። የተሻለው መድኃኒቱን ስለወሰደ ነው። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

✅ የጤና መድኅን መታወቂያችሁን በየዓመቱ አሳድሱ።

🚨 አፍ ከጠመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። በአፉ ውኃም፣ ምግብም፣ ክኒንም አትስጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። «ይረፍ» ሳትሉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

እናንተ ባለቤቶችና ልጆች፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባታችሁ ጤፉን ሸጦ ሲጨርስ እጁን ያዙና «አባባ፣ ሳትለካ አንመለስም» በሉት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ! ቁጣው ከልቅሶው ይሻላል።

ጽሑፉን ለአባታችሁ፣ ለአጎታችሁ፣ ለዕድራችሁ ዳኛ አንብቡላቸው፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

ጤና ይብዛላችሁ!