ቀርበህ ብረር ያለው ማን ነው?

እሑድ፣ መጋቢት 23 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2001) ጠዋት፣ ከቻይናዋ የሃይናን ደሴት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ከባሕር በላይ ሁለት ወታደራዊ አውሮፕላኖች ተጋጩ። አንደኛው ኦኪናዋ ካለው የካዴና የጦር ሰፈር የተነሣው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የስለላ አውሮፕላን ኢፒ-3 ነበር፤ 24 ሰው ይዟል። ሌላው አንድ ሰው ብቻ የሚያበረው የቻይና ባሕር ኃይል ተዋጊ ጄት፣ ጄ-8 ነው። ሃያ አራቱም በሕይወት ተርፈው አገራቸው ገቡ። የጄቱ አብራሪ ሌተናንት ኮማንደር ዋንግ ዌይ ግን እዚያው ባሕር ላይ ቀረ።

ማን ወደ ማን ታጠፈ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። ቤጂንግ የአሜሪካው አውሮፕላን ድንገት ታጥፎ የጄቱን ጭራ መታው ትላለች። ዋሽንግተን ደግሞ አብራሪው ሼን ኦዝበርን በአውቶፓይለት ቀጥ ብሎ እየበረረ ሳለ ጄቱ ሁለት ጊዜ ተጠግቶ ራቀ፣ በሦስተኛው ከግራ ክንፍ ፕሮፔለር ጋር ተላተመ ትላለች። ሁለቱም የሚቀበሉት ምርመራ ስላልተካሄደ ሰው የሚያምነው እንደየወገኑ ነው። እኔ ወደ ዋሽንግተኑ ቃል አዘነብላለሁ። ያን የሚያህል ከባድ አውሮፕላን ጄት አሳዶ አይመታም። ግን የቤጂንግን ቃል እንዳለ ብንቀበለው እንኳ፣ አንድ መታጠፍ ሰው ሊገድል የቻለው ጄቱ በጣም ተጠግቶ ስለነበረ ነው። እናም የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እንዲህ ተጠግቶ መብረርን የዘወትር ሥራ ያደረገው ማን ነው?

ጄ-8 ለዚህ አልተሠራም። ከፍ ብሎና ፈጥኖ፣ ከድምፅ ሁለት እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት፣ የጠላት ቦምብ ጣይ ላይ እንዲደርስ የተሠራ ነው። ኢፒ-3 ደግሞ ባለ አራት ፕሮፔለር ነው፤ ሥራው ራዳርና ሬዲዮ ማዳመጥ ስለሆነ ቀስ ብሎ ሰዓታት ይዞራል። ከጎኑ ሊቆይ የሚፈልግ ጄት አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ክንፎቹ አየር ሊለቁ ጥቂት እስኪቀራቸው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። የውድድር ፈረስ ከተጫነች አህያ እኩል፣ ያውም በጠባብ መንገድ፣ እንደ መንዳት ነው። እዚያ ፍጥነት ላይ መሪው ይሰንፋል፤ አብራሪው የሚያዝዘውና አውሮፕላኑ የሚሠራው እኩል አይሄዱም። ይህን የሚያውቁት አብራሪዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ አዛዦቻቸውም ያውቁ ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ዋንግ ዌይ ዝም ብሎ የታዘዘ ምስኪን አልነበረም። ከአደጋው በፊትም በነበሩ ግጥሚያዎች ተጠግቶ በመብረር አሜሪካኖቹ ለይተው ያውቁት ነበር። አንድ ጊዜ የኢሜይል አድራሻውን ወረቀት ላይ ጽፎ በኮክፒቱ መስታወት በኩል አሳያቸው። ፎቶው አለ። ያኔ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ዶናልድ ራምስፌልድ፣ ቻይና ይዛቸው የነበሩት የአሜሪካው አውሮፕላን ሠራተኞች በተለቀቁ ማግሥት፣ ከወራት በፊት የተቀረጸ ሌላ ግጥሚያ በቪዲዮ ለጋዜጠኞች አሳይተው የቻይና አብራሪዎችን ጀብደኝነት አስረዱ። ጀብደኝነቱን አልክድም። ግን ያቺን ወረቀት ባሰብኳት ቁጥር ሌላም ነገር ይታየኛል። ኢሜይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ መንደር ልጆች ጋር እንደሚላከፍ ጎረምሳ፣ “ጻፉልኝ” የሚል ሰው ነው። ጠላቱን በየሳምንቱ እያየ ስሙን እንኳ አያውቅም።

ወደ አዛዦቹ ልመለስ። ሁለቱ አገሮች በ1998 እ.ኤ.አ. በባሕር ላይ አደጋ እንዳይደርስ የሚመካከሩበት ስምምነት ፈርመዋል። በ2000 መጨረሻ አሜሪካ ስለ ጄቶቹ አደገኛ መጠጋት አቤት ብላለች። ቻይናም ስለ ስለላ በረራው ደጋግማ አቤት ብላለች። አውሮፕላኑ የነበረው ከ12 ማይሉ የግዛት ክልል ውጭ፣ ግን በ200 ማይሉ የኢኮኖሚ ክልል ውስጥ ነው። እዚያ መሰለል ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ላይ አይስማሙም። (አሜሪካ በየመድረኩ የምትጠቅሰውን የባሕር ሕግ ስምምነት እስካሁን አላጸደቀችም፤ ይህንን ማለፍ አልቻልኩም።) አደጋው ይመጣል ብለው ሁለቱም በጽሑፍ ተነጋግረዋል። በረራው በነጋታው እንደ ትናንቱ ቀጠለ።

ከግጭቱ በኋላ ያለው ብዙ ተጽፎበታል። ኢፒ-3 አፍንጫው ተገንጥሎ 2,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ከወረደ በኋላ ኦዝበርን አቅንቶት ሊንግሹይ አየር ማረፊያ ላይ፣ ፈቃድ ሳያገኝ አሳረፈው። ሠራተኞቹ የምሥጢር መሣሪያዎቹን በመጥረቢያ ሲሰባብሩ፣ ቡና ሲደፉባቸው ነበር። 11 ቀን ተያዙ። የተለቀቁት አምባሳደር ጆሴፍ ፕሩኸር ለሟቹ ቤተሰብና ለቻይና ሕዝብ ሐዘን የሚገልጽ ደብዳቤ ካስገቡ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ግን ተፈታትቶ በሩሲያ የጭነት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በጁላይ ተመለሰ። ቻይና ለወጪዋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ስትጠይቅ አሜሪካ 34,567 ዶላር አቀረበች። ቁጥሩን ያወጣው ሒሳብ ሠራተኛ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሟቹ ባለቤት ለፕሬዚዳንት ቡሽ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የዋንግ ዌይ ጓደኛ ፓራሹት ሲዘረጋ አየሁ በማለቱ ተስፋው ለሁለት ሳምንት ተንጠለጠለ፤ መርከብና አውሮፕላን ባሕሩን ሲያስሱ ሰነበቱ። አስከሬን አልተገኘም። እርሟን ያለ አስከሬን እንድታወጣ የተፈረደባት ሴት፣ ያኔ የተደረደሩት ካሜራዎች ሁሉ ለምን እንዳስፈለጉ ታውቅ ይሆናል።

ቤጂንግ ዋንግ ዌይን የባሕርና የአየር ዘብ ብላ ሰየመችው። ሃንግዡ ባለው መታሰቢያው ላይ ወጣቶች አበባና የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሞዴል ያስቀምጣሉ፤ 81192 የሚለው የጄት ቁጥር ለእነሱ የሱ ስም ሆኗል። ኦዝበርንም አውሮፕላኑን በማዳኑ ከፍተኛ የበረራ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ይገባዋል። ሁለቱም አገር ጀግና አገኘ፤ ጀግና ያገኘ ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደክምም። አዛዦቹን የሚጠይቅ ቢጠፋ ማን ይደነቃል?

ሁለቱ አገሮች አውሮፕላኖቻቸው በአየር ላይ ሲገናኙ እንዴት መብረር እንዳለባቸው የሚደነግገውን ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ፈረሙ። 14 ዓመት ያህል ፈጀባቸው ማለት ነው። በነሐሴ 2014፣ ከፊርማው ወራት ቀደም ብሎ፣ አንድ የቻይና ጄት እዚያው ሃይናን አካባቢ በአሜሪካ ቃኚ አውሮፕላን ዙሪያ ተገልብጦ እየበረረ ዞሮ ነበር። በጥቅምት 2023 ደግሞ ፔንታጎን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ180 በላይ አደገኛ መጠጋቶች መመዝገቡን አስታወቀ፤ ቪዲዮዎቹንም ለቀቀ። ቤጂንግ የመለሰችው በ2001 ያለችውን ነው፦ ከቤታችሁ ርቃችሁ ደጃችን ድረስ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።